የክፍት ዳታና የክፍት ዕውቀት ስብሰባ በአዲስ አበባ መሃል እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ስብሰባ ንግግር ተደምጦ፣ ሻይ ተጠጥቶና የቡድን ፎቶ ተነሥቶ ያበቃል። ስለ ክፍት ዳታና ክፍት ዕውቀት፣ ማለትም ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው ስለሚችለው መረጃና ሥራ፣ የሚጠራ ስብሰባ ግን በዚህ ሊያበቃ አይገባም። እንግዶቹ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ናይሮቢ ከተመለሱ በኋላ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ የሚጠቀምበት አንድ ነገር መቅረት አለበት። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው አዳራሽ በመፈለግ ሳይሆን የሚቀረውን ሥራ በመወሰን ነው።

ሥራውን ይምረጡ

አንድ ሥራ ይበቃል። ለመሃል ከተማው እኔ የምመርጠው ካርታ ነው። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ መልካቸው ተለውጧል፤ የቆየ ካርታ ከመሬቱ ጋር አይገጥምም። ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው መለያ ከፍቶ የሚያርመው ነጻ ካርታ ስለሆነ፣ ጠዋት በእግር የታየው ከሰዓት በኋላ ሊገባ ይችላል። በአማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ ወይም የቆዩ ፎቶዎችን ዊኪፒዲያ ወደሚጠቀምበት ነጻ የፎቶ ማከማቻ፣ ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ ማስገባትም ጥሩ ምርጫ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን እንሥራ ከተባለ ግን አንዱም አያልቅም።

ቀንና ሰዓት

ዓለም አቀፉ የክፍት ዳታ ቀን በየካቲት መጨረሻ ግድም ይውላል፤ ከእሱ ጋር ማገጣጠም ይቻላል። ወቅቱ ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ስለሆነ ለምሳ የጾም በያይነት ይዘዙ። ረመዳን ከገጠመም ፕሮግራሙ ወደ አፍጥር ሰዓት እንዳይገፋ ያስቡበት። የመስክ ሥራ ስላለ ክረምቱ አይመከርም። ከጎረቤት አገር እንግዳ ካለ ግብዣው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 9 ሰዓት» ብለው ይጻፉ።

ቦታና ደብዳቤ

በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚመቹ ናቸው። የትም ቢጠይቁ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይጠበቅብዎታል። የራስዎ ድርጅት ከሌለዎት አንድ የትምህርት ክፍል ወይም የተመዘገበ ማኅበር አብሮ አዘጋጅ እንዲሆን ይጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ የተሳታፊው ብዛትና ሰዓቱ ይኑር፤ ግልባጩም ለጥበቃ ይድረስ። በር ላይ ላፕቶፕ የሚመዘገብበት ግቢ ከሆነ ተሳታፊዎች ቀደም ብለው እንዲመጡ ይንገሩ።

የአበል ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ ከሆነ ግብዣው ላይ በግልጽ ይጻፉት። እንዲህ ሲሆን የሚመጣው ሥራውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነው።

ኢንተርኔትና ኤሌክትሪክ

በአንድ ዋይፋይ የሚገቡ ሰዎች ለዊኪፒዲያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቦታ እንደመጡ ሆነው ይታያሉ፤ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ደግሞ በቀን ከ6 በላይ አዲስ መለያ አይከፈትም። ስለዚህ ሁሉም ቤቱ ሳለ መለያውን ከፍቶ ይምጣ። ካርታውም ቀደም ብሎ በስልክ ይውረድ፤ ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። የኬንያና የኡጋንዳ ሶኬት ከእኛው ስለሚለይ ለእንግዶቹ አዳፕተር፣ ለሁሉም ደግሞ በቂ ማከፋፈያ ያዘጋጁ።

ፈቃድ

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ የፎቶ ባለቤት በቅንነት «ለትምህርት ከሆነ ተጠቀሙበት» ሊል ይችላል። ይህ ደግነት ነው፤ ክፍት ፈቃድ ግን አይደለም። ክፍት የሚባለው ማንም ሰው፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው ሲችል ነው። ዊኪሚዲያ ኮመንስም «ለንግድ አይሁን» የሚል ገደብ ያለበትን ፎቶ አይቀበልም። ይህን ለባለቤቱ ሳይደብቁ ያስረዱት፤ ካልፈለገም አመስግነው ይተዉት።

ከተስማማ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት የተዘጋጁ ክፍት ፈቃዶች የመረጠውን በስሙ ጠቅሶ በጽሑፍ ይስጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ፎቶውን በእጁ የያዘ ሁሉ የመብቱ ባለቤት እንዳልሆነም አይርሱ፤ ማን እንዳነሣው ይጠይቁ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ የጽሑፍ ሥራ በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለካርታውም ከጎግል ማፕ መቅዳት ክልክል ነው፤ መረጃው በዓይን ከታየ ነገር ይምጣ። የነዋሪ ስምና ስልክ ደግሞ ጭራሽ አይሰብስቡ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ አዋጁ ባይኖር እንኳ ለካርታው አያስፈልግም።

የመስክ ሥራ

ሰዉን በሦስት በሦስት ይከፋፍሉ፤ በየቡድኑ ሠፈሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ለምሳሌ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ቡድን ፋርማሲ ፊት ሲደርስ አንዱ ቦታውን ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው ታፔላው ላይ ያለውን ስም እንደተጻፈ፣ ፊደሉን ሳያስተካክል ይገለብጣል። ሦስተኛው የሚከፈትበትን ሰዓት ይጠይቃል፤ መግቢያው ደረጃ ብቻ ይሁን ወይስ ለዊልቸር መወጣጫ ያለው መሆኑንም ያያል። ይህች የመጨረሻዋ መረጃ በብዙ ካርታ ላይ የለችም፤ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ከሁሉም በላይ ታስፈልገዋለች። በፓርላማውና በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ካሜራ አይውጣ። ጥበቃ ከጠየቀ የደብዳቤው ኮፒ ይታይ።

ማስገባትና ማጣራት

ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ለዚህ ይሁን፤ ንግግር ካለ ጠዋት ላይ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። አንዱ ቡድን ያስገባውን ሌላው ያርም፤ አንድ ፋርማሲ በስህተት ሁለት ጊዜ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ሲገባ ነው። ቡና የሚፈላውም ያኔ ቢሆን መልካም ነው፤ ሰዉ ሳይበተን እርማቱ ያልቃል። ከመለያየታችሁ በፊት ያልተዳረሱትን መንገዶች ዝርዝር አውጥታችሁ በየመንገዱ አንድ ኃላፊና የሚያጠናቅቅበትን ቀን ጻፉ፤ ከክልል የመጡትም በየከተማቸው የሚጀምሩትን አንድ ሠፈር እዚያው ያስመዝግቡ።