የትዳር ቪዛ «ፕሮሰሲንግ» ላይ ከቆመባችሁ ቃሉን ሳይሆን ቀኑን ተከታተሉ

አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ኢንተርቪው አድርገው ጉዳዩ «አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ» (ከኢንተርቪው በኋላ የሚደረግ ተጨማሪ ማጣራት) ገብቷል እንበል። የቪዛ ኬዝ ሁኔታ የሚታይበት ድረ ገጽ ላይ «ሪፊውዝድ» (ተከልክሏል) ይላል። አትደንግጡ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 221(ጂ) የተያዘ ኬዝ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚታየው በዚሁ ቃል ነው።

ስለዚህ ኬዙ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን እዩ። በሳምንት አንዴ፣ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት፣ ስክሪንሾት አንሱና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ቃሉ እንዳለ ሆኖ ቀኑ ከተቀየረ፣ ፋይሉ ላይ የሆነ ነገር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ቪዛው ተፈቀደ ማለት ግን አይደለም፤ በዚህ ብቻ ትኬት እንዳትቆርጡ። በየሰዓቱ መክፈትም እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ኬዙን አያፈጥነውም።

ወራት አልፈው ቀኑ ንቅንቅ ካላለ ያ ደብተር ይጠቅማችኋል። አሜሪካ ሆኖ ለትዳር ጓደኛው ያመለከተው ሰው ለሚኖርበት አካባቢ የኮንግረስ አባል ወይም ሴናተር ቢሮ ይጻፍ። ክፍያ የለውም። ቢሮው የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞ ኤምባሲውን ይጠይቅላችኋል። «ረጅም ጊዜ ሆነን» ከማለት «ከዚህ ቀን ወዲህ ለውጥ የለም» ማለት ለጠያቂውም ለመላሹም ይቀላል።

ኤምባሲው ወረቀት ጠይቋችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። በ1 ዓመት ውስጥ ካላስገባችሁ እንደገና አመልክታችሁ እንደገና ትከፍላላችሁ። የጤና ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። ቢያልፍበትም ኤምባሲው «ድገሙ» ሳይላችሁ ገንዘብ አታውጡ።