ልብ ወለድ ስንጽፍ፣ በጠፈር ጦርነት መሃል ሁለት ሴቶችን እንዴት እናፋቅር?

ፍቅሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ በምን እንደተጣሉ እወቁ። ነገሩ «ክፉው ግዛት» እና «ደጎቹ አማፂዎች» ከሆነ በቃ፣ ከክፉዎቹ ወገን ያለችው ከድታ እንደምትመጣ አንባቢ ምዕራፍ 2 ላይ ያውቀዋል። እኔ በውሃ ባጣላቸው እመርጣለሁ። የሳተርን ጨረቃ ኢንሰላደስ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ውቅያኖስ አላት፤ በደቡብ ዋልታዋ በኩል ውሃውን ወደ ጠፈር ትረጨዋለች። አንዱ ወገን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ሌላው ያለዚያ ውሃ ልጆቹን አያኖርም። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቀጥሎ ርቀት። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የሬዲዮ መልእክት ከብርሃን አይፈጥንም። ከምድር ማርስ ለመድረስ እንደ አቀማመጣቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሳተርን ለመድረስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። «ደህና ነዎት?» ብላ ከምድር የላከች ሴት መልሱን ከሁለት ሰዓት በላይ ትጠብቃለች። በመሃል ውጊያ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። እባካችሁ በቅጽበት የሚያደርስ መገናኛ አትፍጠሩ። ናፍቆቱን ትገድሉታላችሁ።

የት ይተዋወቁ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የሞርስ መልእክት (በአጭርና በረጅም ምት የሚላክ ነው) ያዳምጡ የነበሩ እንግሊዛውያን፣ ላኪውን ሳያዩት ቁልፉን ከሚመታበት መንገድ ብቻ ይለዩት ነበር። እሱን ውሰዱት። አንዷ ላኪ፣ ሌላዋ ጠላፊ ትሁን (የመልእክት ነው፣ ሰው ጠላፊ አላልኩም)። ጠላፊዋ ሪፖርቷ ላይ «ላኪ 9 ዛሬ እጇ ከብዷታል» ብላ ትጽፍና ትሰርዘዋለች። አለቃዋ የሚፈልገው የመርከቦቹን ብዛት ነው።

በአማርኛ ስትጽፉ አንድ ጣጣ አለ፤ ሁለቱም «እሷ» ናቸው። «አየቻት፣ ጠራቻት» ሲደራረብ ማን ማንን እንዳየች ይጠፋል። በሥራቸው ጥሯቸው። በሌላ በኩል ግን ቋንቋችን ይክሳችኋል። ጠላት ቢሆኑም መኮንኖች ናቸውና «እርስዎ» ተባብለው ይጀምሩ። «አንቺ»ን አዘግዩት። ከመሳሳም በላይ ያስደነግጣል፣ ቀድማ የምትለውም ብዙ የምታጣዋ ትሁን።

ክህደቱን አታቅልሉት። ጠላፊዋ አንድ መልእክት ሰምታ ዝም ትበል፤ በዚያ ሰበብ ከራሷ ሰዎች አንዱ ይሙት። ስም ያለው፣ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሻይ ሲቀዳላት ያየነው ሰው ይሁን። ከዚያ ላኪዋ ይህን ስትሰማ ምን ብላ እንደምትመልስ ጻፉ፣ መልሱም የግድ ሰዓቱን ጠብቆ ይድረስ።