የጀልባ ፓምፕ ሲቆም ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት፦ ጎርጎራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሰላም ለሁላችሁ ወገኖች። እኔ ጎንደር አዘዞ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው ግን ሐምሌ ሲገባ ስልኬ ጣና ዳር ካለችው ጎርጎራ ነው የሚጮኸው፣ ፓምፑ ሞተብን ጀልባው ውስጥ ውሃ እየሞላ ነው ድረስልን እያሉ፣ እኔም መሣሪያዬን ይዤ በቆላ ድባ በጭዋሂት አድርጌ 60 ምናምን ኪሎሜትሩን እወርዳለሁ፣ ደርሼ ሳየው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ምንም አልሆነም። የሞተው ገመዱ ነው፣ ወይ ማያያዣው፣ ወይ ፊውዙ።

የማወራው በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራው ከጀልባ ሆድ ውሃ ስለሚያወጣው ፓምፕ ነው። ባላስት ፓምፕ የሚባለውም አለ፣ ጀልባው እንዲከብድና እንዳይንገላታ ታንከር ውስጥ ውሃ የሚያስገባና መልሶ የሚያወጣ፣ እሱም በኤሌክትሪክ በኩል ያው ነው፣ እንዲያውም ብዙ አምፔር ስለሚስብ ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ይብሳል።

ፓምፑ ላይ ቀድሞ መፍረድ

ይሄን ከራሴ ልጀምር። አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ነበሩ፣ ፓምፓቸው ስዊቹ ሲበራ እም... ብሎ ትንሽ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ነካ ነካ አደረኩትና "ጋሼ ይሄ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ" አልኳቸው። ሰውየው አመኑኝ፣ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ ገጠምኩት፣ አዲሱም እም... ብሎ ዝም። ያኔ ነው ደንግጬ ገመዱን ከባትሪው ጀምሬ በጣቴ እየዳበስኩ የሄድኩት። መሀል ላይ አንድ ቦታ ላስቲኩ ለስለስ አለብኝ፣ በቢላ ስሰነጥቀው መዳቡ መዳብ አይመስልም፣ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ረገፈ፣ ደህና የቀሩት ሁለት ወይ ሦስት ክሮች ብቻ ናቸው። አሮጌውን ፓምፕ መልሼ በደህና ገመድ ሳስነሳው ሠራ። ሰውየው "አይ ልጄ ይሁን" ብለው ዝም አሉ እንጂ ያን ሁሉ ብር ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዛ ወዲህ ፓምፕ ተቃጥሏል የሚል ቃል ከአፌ የሚወጣው ፓምፑን ፈትቼ በቀጥታ ከደህና ባትሪ ጋር በወፍራም ገመድና በፊውዝ አገናኝቼ አልነሳም ሲል ብቻ ነው። ይሄ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጎማ ኢምፔለር (ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው) ያለው ከሆነ ግን ውሃ ሳይኖር ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታሽከርክሩት ጎማው ይቃጠላል።

ፓምፑ ተነቅሎ ቮልት መለካት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ልምድ ያላቸው ልጆችም ይሠሩታል ስለዚ ትንሽ ልዘግይበት። ሰው የፓምፑን ሶኬት ይነቅላል፣ መልቲሜትር ይሰካል፣ 12.6 ይላል፣ "በቃ መብራቱ ደርሷል ችግሩ ፓምፑ ነው" ይላል። ኧረ አይደለም! መልቲሜትር ማለት ከገመዱ ምንም ያህል ከረንት አይወስድም፣ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር ብትቀር እንኳን ሙሉውን ቮልት ያሳያችኋል። ፓምፑ ግን 10 ወይ 15 አምፔር ይፈልጋል፣ ያቺ ክር ያን ልታሳልፍ አትችልም፣ ቮልቱ እዛው ገመዱ ላይ ይቀራል። የገመዱ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን በ15 አምፔር 1.5 ቮልት ይበላል፣ 22 ዋት ገደማ ሙቀትም እዛች ነጥብ ላይ ይፈጠራል፣ ለዛ ነው ማያያዣው ቀልጦ የምታገኙት።

ስለዚ ፓምፑ እንደተገናኘ፣ ስዊቹ እንደበራ፣ እዛው ገመዱ ፓምፑ ጋ በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ለኩ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ እዩት፣ ያረፈና ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፣ 12.2 ካለ ወደ ግማሽ ወርዷል፣ ሞተሩ ተነስቶ ዳይናሞው እየሞላ ከሆነ ደሞ 13.8 እስከ 14.4 ታያላችሁ። ከዛ ፓምፑ እየሠራ ፓምፑ ላይ። ባትሪው 12.4 ሆኖ ፓምፑ ጋ 9 ከሆነ መሀል ላይ 3.4 ቮልት የሚበላ ሌባ አለ ማለት ነው፣ ሌባውን ፈልጉ።

መልቲሜትር የሌለው ሰው ደሞ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ሁለት ገመድ አስሮ ይያዝ፣ 55 ዋቱ 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። ፓምፑ ሲነቀል በሱ ቦታ አምፖሉን ስካው፣ ቦግ ብሎ ነጭ ከበራ ገመዱ ቢያንስ ያን ያህል ይሸከማል፣ እንደ ከሰል ቀይ ብቻ ካለ ችግሩን አገኘኸው ወንድምዓለም። እኔ ይቺን አምፖል ከመልቲሜትሬ በላይ ነው የማምናት።

አንዳንዱ ደሞ የቤት ኤሌክትሪክ ቴስተሯን፣ ያቺን ውስጧ የምትበራዋን ካቻቢቴ፣ ይዞ ይመጣል። እሷ ለ220 ናት፣ 12 ቮልት ላይ አትበራም፣ አልበራችም ማለት መብራት የለም ማለት አይደለም።

አምፔር መለካት ላይም ሁለት ነገር፦ ርካሹ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካው) ብዙውን ጊዜ የኤሲ፣ የቤት መብራቱ ብቻ ነው፣ የባትሪ ገመድ ላይ ዜሮ ይላችኋል። መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው አድርጋችሁ 15 የሚስብ ፓምፕ ካለካችሁበት ደሞ የውስጥ ፊውዙ ይሄዳል፣ ገመዱን እዛ ቀዳዳ ላይ ረስታችሁ ቀጥሎ ቮልት ልለካ ካላችሁ ደሞ ባትሪውን በቀጥታ ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው።

ቀዩን ገመድ ብቻ ማየት

ጥቁሩን ማን ያየዋል! ሁሉም ቀዩን፣ ፊውዙን፣ ስዊቹን ይፈትሽና ኔጌቲቩን ይረሳል፣ ከረንት ግን ዞሮ የሚመለሰው በሱ ነው። የኔጌቲቭ ገመዶች ብዙውን ጊዜ ታች እርጥበት ውስጥ ባንድ ቡሎን ተሰብስበው ነው የሚታሰሩት፣ እዛ ላይ ነው የሚዝጉት። አለካኩ ቀላል ነው፣ ፓምፑ እየሠራ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ፓምፑ ጥቁር ገመድ ላይ። ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው፣ 1 እና 2 ካለ ቡሎኑን ፍቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ ካፖኮርዳውን (ገመዱ ጫፍ ላይ የሚጨመቀውን የብረት ማያያዣ) ቀይሩና መልሳችሁ አጥብቁ። ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ካበቀለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፣ ውሃው ግን ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ።

የቤት ገመድ

ጎንደር ገበያ ገብታችሁ ገመድ ስትሉ የሚሰጣችሁ ያው የቤት ገመድ ነው፣ ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ የሆነው። ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ለሚኖር ሸጋ ነው፣ ጀልባ ላይ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ ማያያዣው ጋ ይሰበራል፣ ከውጭ ላስቲኩ ደህና ስለሚመስል ደሞ ቶሎ አይገኝም። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ፍሌክሲብሉን ነው መግዛት፣ በቆርቆሮ የተለበጠ ካገኛችሁ ደሞ እጥፍ ቢከፈልበትም አይቆጭም።

ውፍረቱም እንዲሁ። ባትሪው ኋላ ፓምፑ ፊት ሆኖ ርቀቱ 6 ሜትር ቢሆን መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር ነው፣ መመለሻውን አለመቁጠር በራሱ አንድ ስህተት ነው። በ2.5 ሚሜ ካሬ ገመድ 15 አምፔር ሲያልፍ 1.26 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፣ በ6 ሚሜ ካሬ ግን ግማሽ ቮልት ብቻ። ያቺ ልዩነት ናት ውሃውን ባንዴ በሚጥል ፓምፕና ሲንጠባጠብ በሚውል ፓምፕ መሀል ያለችው።

ፊውዙን ማወፈር

ይሄ ያናድደኛል። 15ቱ ፊውዝ ተበጠሰ፣ 30 ይገባል። 30ው ሲጠፋ የመዳብ ክር ተጠምጥሞ ይገባል። ጎበዝ፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው! እሱ ካልተበጠሰ ገመዱ ይቀልጣል፣ ገመዱ ደሞ በፋይበር ጀልባ ውስጥ ከነዳጅ ጎማ ጎን ነው የሚያልፈው፣ መሀል ጣና ላይ እሳት ቢነሳ ወዴት ይሮጣል? ቦታውም ወሳኝ ነው፣ ስዊቹ ጋ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ በ18 ሳንቲም ሜትር ርቀት ውስጥ ይሁን፣ ከዛ በፊት ያለው ገመድ ጠባቂ የለውማ።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተበጠሰ ምክንያት አለው። እኛ ጋ ደሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እምቦጭ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ደንቢያ በኩል ያለውን ዳርቻ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ፣ ሥሩ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ነው፣ ከሐይቅ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ሲሆን ወንፊቱን አልፎ ኢምፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ተይዞ መዞር ያልቻለ ሞተር ከወትሮው ብዙ እጥፍ አምፔር ነው የሚስበው፣ ፊውዙ ተበጠሰ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ስለዚ ከፊውዙ በፊት ወንፊቱን ክፈቱ፣ ባትሪው ተነቅሎ ኢምፔለሩን በእጅ አዙሩት። ባላስት ፓምፕ ያለው ሰው ደሞ ዳር ላይ እምቦጩ መሀል ቆሞ ታንከሩን አይሙላ፣ ጥሩ ውሃ እስኪደርስ ይታገስ።

ናስትሮ

ሁለት ገመድ ጠምዞ በናስትሮ (በሚጣበቀው የኤሌክትሪክ ፕላስተር) መጠቅለል ጀልባ ሆድ ውስጥ አይሠራም። ናስትሮው ውሃ አያስቀርም፣ እንዲያውም የገባውን ይዞ ያስቀምጣል። በካፖኮርዳ ተጨምቆ፣ በላዩ ላይ በሙቀት የሚሸበሸበው ሙጫ ያለው ፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ፣ መጋጠሚያው ደሞ በተቻለ ከፍ ብሎ ውሃ ከማይደርስበት ይታሰር።

ሪሌና 24 ቮልት

ሪሌው "ቀጭ" አለ ማለት አስተላለፈ ማለት አይደለም። ሪሌ በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ የማግኔት ስዊች ነው፣ እግሮቹ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 85 እና 86 ማግኔቱን ነው የሚያስነሱት፣ ዋናው ከረንት የሚያልፈው ከ30 ወደ 87 ነው፣ እዛ ውስጥ ያለችው ኮንታክት ተቃጥላ ይሆናል። ፓምፑ እየሠራ 30 እና 87 መሀል ለኩ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ደሞ መለዋወጫ ቤት የከባድ መኪና 24 ቮልት ሪሌ ከ12ቱ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል፣ መልካቸው አንድ ነው፣ ጀርባውን ሳታነቡ አትክፈሉ። 24ቱ በ12 ቮልት አንዴ ይነሳል አንዴ ይተዋል፣ እንዲህ ያለ ችግር ደሞ ለማግኘት ያስለቅሳል።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማገላበጥ

ተገላብጦ የታሰረ ፓምፕ ይሽከረከራል ድምፁም ደህና ነው ውሃ ግን ወይ አይወጣም ወይ እየሞተ ነው የሚወጣው። ባላስቱ ደሞ የሚገለባበጠው ዓይነት ከሆነ አውጣ ስትሉት ያስገባል። ፓምፑ ላይ ያለውን ቀስት እዩ፣ ገመዱን አቀያይሩ፣ አለቀ። እየተሽከረከረ ውሃ ካልገፋ ደሞ አየር ይዞትም ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ውሃ የሚያልፍበትን ጎማ ነው ማየት እንጂ ኤሌክትሪኩን አይደለም።

በብልጭታ መሞከር

ጋራዥ የለመድናት ነገር ናት፣ ገመዱን ብረት ላይ ጫር አድርጎ ብልጭ ካለ "መብራት አለ" ማለት። ጀልባ ላይ እባካችሁ፣ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ አታድርጉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወርዶ የሚተኛው እዛው ፓምፑ ያለበት የጀልባው ሆድ ውስጥ ነው። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ክዳኑን ከፍቼ ማሽተት ነው፣ ቤንዚን ከሸተተኝ አየር እስኪወጣ ድረስ ምንም አልነካም፣ ስዊችም አላበራም። ሥራ ስጀምር ኔጌቲቩን ቀድሜ እፈታለሁ፣ ስጨርስ መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ።

ጋላጃንቴውን ከዋናው ማጥፊያ በኋላ ማሰር

ማታ ባለቤቱ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ነሐሴ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ውሃው ሲሞላ ጋላጃንቴው (ውሃ ላይ ተንሳፎ ፓምፑን ራሱ የሚያበራው ስዊች) ይነሳል ግን መብራት የለውም፣ ጠዋት ጀልባው ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ ነው። የጋላጃንቴው መስመር ዋናውን ማጥፊያ ሳይነካ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ፣ በእጅ የሚበራው ስዊች ለብቻው ይሁን። አንዳንዴም ገመዱ ደህና ሆኖ ጋላጃንቴው ሥር ላስቲክ ወይ ጭቃ ተወትፎ አልነሳ ይላል፣ በጣት ከፍ አድርጎ ማየት ነው።

ጨርሳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን አጥፉና ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ጀልባው ሆድ ውስጥ ድፉ። ጋላጃንቴው ራሱ ተነስቶ፣ ፓምፑ ራሱ ጀምሮ፣ ውሃው በጎን እየተተፋ ወጥቶ፣ ራሱ እስኪያቆም ድረስ ቁሙና እዩት። እኚያ ሽማግሌ ባለጀልባ አሁን ይሄን ሳላሳያቸው አይከፍሉኝም።