ጃትሮፋና ጉሎ ለነዳጅ ሲለሙ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። ፍሬው ዘይት የሚሰጠውን ቁጥቋጦ፣ ጃትሮፋን፣ አይደርቄ እንለዋለን፤ እውነትም አይደርቅም። በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ እንኳ ቅጠሉን አራግፎ በጋውን ይሻገራል። ግን ቅጠሉን ያራገፈ ተክል በዚያን ጊዜ ፍሬ አይሞላም። ለመኖር የሚበቃው ዝናብ ሌላ፣ ለማፍራት የሚበቃው ሌላ ነው። ደህና ምርት የሚፈልግ ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ፣ ካልሆነም መስኖ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት በነበረው የጃትሮፋ ግርግር ብዙ ማሳ ከከሰረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። «ጠፍ መሬት ላይ ያለ ውኃ፣ ያለ ማዳበሪያ ዘይት ይሰጣል» የሚላችሁን ሰው በሄክታር ስንት ኪሎ፣ በስንተኛው ዓመት ብላችሁ ጠይቁት።

ቶሎ ያፈራል ተብሎ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም አለ። ለአጥር ይሁን። ለደረቅ ማሳ ግን በዘር ይተከል፤ ከቅርንጫፍ የበቀለው ወደ ታች የሚጠልቅ ዋና ሥር የለውም።

ውኃ የሚቋጥር መሬት ላይ አትትከሉ።

አበባ የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ ያልተገረዘ ተክል ቁመት እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ችግኙ ግማሽ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉን ቁረጡ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ባራገፈበት ወቅት ግረዙ።

ለቀማ ላይ መቸኮል ዘይት ያስቀራል። አንድ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቡናማ ፍሬ አብረው ይገኛሉ። አረንጓዴውን ተዉት፤ ተመልሳችሁ ልቀሙ። ለዘር የሚቀመጠው በጥላ ይድረቅ።

እርጥብ ፍሬ በጆንያ ታጭቆ ሲከርም ዘይቱ ይጎመዝዛል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ የናፍጣ ምትክ) ሲሠራ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል ለመለወጥ ኮስቲክ ሶዳ ከመጨመር በፊት አሲዱን ለኩ፦ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሙና ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጠብ አድርጉበት። ከዚያ በሊትር 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን ውኃ ቀለሙ ሮዝ ሆኖ እስኪቆይ ጨምሩ። የጨመራችሁት 3 ሚሊ ሊትር ካለፈ ነፃ አሲዱ (ከዘይቱ ተላቆ የወጣው) ከ2 በመቶ በላይ ነው። እንዲያው ከቀጠላችሁ የምታገኙት ሳሙና ነው፤ መጀመሪያ በሜታኖልና በሰልፈሪክ አሲድ አሲዱን ቀንሱ።

የጉሎ ዘይት ችግሩ ሌላ ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለ ወፍራም የቅባት አሲድ በመሆኑ ባዮዲዝሉም ወፍራም ነው፤ ብቻውን ሞተር ውስጥ አይገባም፣ ከሌላ ነዳጅ ጋር ይቀላቀል።

ፋጉሎውን ለከብት መስጠት ፈጽሞ አይሞከርም። የጉሎው መርዝ ሪሲን በሙቀት ይረክሳል፤ የጃትሮፋው መርዝ ፎርቦል ኤስተር ግን ቢቀቀልም አይጠፋም። ቦታው ማሳው ላይ ነው፣ ለማዳበሪያ።