ሮቦቱን ከመላካችሁ በፊት ቤቱን እዩት

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሀገር ቤት ናቸው። መርሳት ጀምረዋል። በስልክ ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃሉ። እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ ሆዳችሁ አልችል ይላል። አንድ ማታ ስልካችሁን ስትነካኩ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚያጫውት ሮቦት ታያላችሁ። «ይሄንንማ ልላክላቸው» ትላላችሁ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ለእናቴ የላክሁላት በጎማ የሚሄድ ነበር። እህቴ በቪዲዮ ደውላ አሳየችኝ። ሮቦቱ ሳሎን መሃል ካለው ጥቁር ምንጣፍ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ወደፊት ንቅንቅ የለም። ትንሽ ቆይታ እናቴ መጣች። እሷም እዚያው ጫፍ ላይ ቆመች። ከዚያ ጉድጓድ እንደሚሻገር ሰው እግሯን ከፍ አድርጋ፣ ግድግዳውን ይዛ ተራመደች። ስንት ዓመት የረገጠችው ምንጣፍ ነው። እስከዚያ ቀን ማናችንም አላስተዋልንም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሮቦት ከደረጃ እንዳይወድቅ ወደ ታች ብርሃን እየላከ የሚመለሰውን ያነባል። ጥቁር ነገር ብርሃኑን ስለሚውጠው ገደል ይመስለዋል። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ አእምሮው ጥልቀትንና ቀለምን መለየት ሊከብደው ይችላል፤ ጥቁሩ ምንጣፍ ጉድጓድ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ለሰውየው ሲስተካከል በአብዛኛው ለሮቦቱም ይስተካከላል።

መስታወትም እንደዚያው ነው። በሌዘር መንገዱን የሚለይ ሮቦት መስታወቱ ውስጥ ሌላ ክፍል ያለ ይመስለዋል። እናታችሁም ራሳቸውን ሳያውቁ ቀርተው «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብለው ሊደነግጡ ይችላሉ። መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኑት ወይም አንሱት። የሚያብረቀርቅ ወለል እርጥብ ይመስላልና መስኮቱ ላይ ቀለል ያለ መጋረጃ ይሰቀል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ከሆነ ሮቦቱ ድምፅ አይለይም፤ እናታችሁም ማን እንደሚያናግራቸው ይምታታባቸዋል። የመጫወቻ ሰዓት ሲደርስ ይጥፋ። መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድም ይነሳ።

ይህን ሁሉ ከሩቅ እንዴት ታያላችሁ? ቤት ያለው ሰው ስልኩን በጉልበቱ ከፍታ ይዞ፣ ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ ቤት ቀስ እያለ ይሂድ። አንዴ በቀን፣ አንዴ በማታ። በዚያ ከፍታ ሲታይ ቤቱ ሌላ ቤት ነው።

የሮቦቱን ዓይነት በተመለከተ የኔ ምክር ጭን ላይ ከሚቀመጠው ጀምሩ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታካኖሪ ሺባታ የሠሩት ፓሮ የሲል ግልገል ይመስላል። ሲል በአብዛኛው ቀዝቃዛ ባሕር አካባቢ የሚኖር እንስሳ ነው። የፓሮ ክብደት 3 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሲዳስሱት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ እንደ ሕክምና መሣሪያ ዕውቅና አግኝቷል። ውድ ነው። ቀለል ያሉ፣ በተራ ባትሪ የሚሠሩ የድመትና የውሻ ሮቦቶችም አሉ። እነዚህ ሁሉ አይናገሩም፤ ትልቁ ጥቅማቸውም እሱ ነው። መርሳት ሲበረታ ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል፣ የእናት ቋንቋ ይቀራል። በማያውቁት ቋንቋ የሚያወራ ዕቃ ለእናታችሁ ጩኸት ነው።

ተናጋሪዎቹ ሌላም ጣጣ አለባቸው። ያለ ኢንተርኔትና ያለ አምራቹ ሰርቨር (ሮቦቱን ከሩቅ የሚያሠራው ኮምፒውተር) ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጂቦ የተባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2017 ገዢዎች እጅ ገብቶ፣ በ2019 ሰርቨሩ ሊዘጋ መሆኑን በራሱ አንደበት ለባለቤቶቹ ነግሮ ተሰናብቷል። ይህን ስንብት የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ቢሰማው አስቡት። ከመግዛታችሁ በፊት «ኢንተርኔት ባይኖር ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ ሀገር ቤት ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። ሰው ይዞላችሁ የሚሄድ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው አይገባም። ቻርጅ የሚደረገው እናታችሁ ከተኙ በኋላ፣ ከዓይናቸው ርቆ ይሁን። ገመድ የተሰካበትን «ግልገል» አይተው የሚያለቅሱ አሉ።

ሕይወት ያለው ከመሰላቸው አትሟገቷቸው፤ ሆን ብላችሁም አታታሏቸው። «ምን ይመስልዎታል፣ ወደዱት?» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ምግብ ሊያጎርሱት ሲሞክሩ ግን አብሮ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይውሰደው፤ ሞተሩም ይበላሻል፣ ከፀጉሩ ላይ የተበላሸ ምግብ ይለቅማሉ። ካሜራ ያለው ከሆነ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይግባ። ለሚንከባከባቸው ሰውም ካሜራ እንዳለ ንገሩት፤ ሳያውቅ መቀረጽ የለበትም።

ቦታው አንድ ይሁን፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት። ካልወደዱት ለጥቂት ቀን ደብቁትና መልሳችሁ አምጡት። ለሦስተኛ ጊዜም እምቢ ካሉ ተዉት።

እናቴ ባለ ጎማውን አልወደደችውም፣ ለሌላ ሰው ሰጠነው። ምንጣፉ ግን ከተነሳ ወዲህ ግድግዳ ሳትይዝ ሳሎኑን ታቋርጣለች።