ጉልበት በሌለበት ቀን እንጦጦን ቁልቁል

ሰውነታችሁ «ዛሬስ ተዉኝ» የሚልበት ቀን አለ አይደል? ባለፈው እሁድ እንደዛ ሆኜ ነበር። አልጋ ላይ ስልክ ስጎረጉር ከምውል ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። እዚሁ አፍንጫዬ ስር ሆኖ ከረገጥኩት ስንት ጊዜዬ!

ዘዴው ቀላል ነው፣ ዳገቱን ለታክሲ ተዉለት። ከሽሮ ሜዳ ተሳፍራችሁ እንጦጦ ማርያም ውረዱ፣ ከዚያ በባህር ዛፉ መሃል ቀስ እያላችሁ ቁልቁል ተመለሱ። ከፍታው 3000 ሜትር ስለሚያልፍ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። እርምጃ የሚቆጥረውን አፕም ዝጉት። ሲደክማችሁ ቁጭ በሉ። እኔ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ቅጠሉን በእጄ እያሸሁ ሳሸትት (ያው ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን የታጠንነው ሽታ) ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን፣ የደረቀው ቅጠል ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጌ ሄጄ በቂጤ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ሹራብም ያዙ፣ ጥላው ውስጥ ይበርዳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው ከሚመላለስበት መንገድ አትራቁ፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሟችሁ ደግሞ ዞር በሉላቸው።