ሎንግራይፍል በእጅ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ሠርቼ የጨረስኩ ቀን ተሸክሜው በቀጥታ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ስምንት ወር ለፍቼበታለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ እንጨት ሲፍቅ የኖረ ሰው። ጠመንጃውን ተቀበለኝ። መዘነው፣ ገለባበጠው፣ አንገቱን ጨበጥ አደረገው። ከዚያ መለሰልኝና «ጎሽ! ጠመንጃው ውስጡ አለ። አሁን አውጣው» አለኝ።

ያኔ ከፍቶኝ ነበር። ሁለተኛውን ስሠራ ነው ነገሩ የገባኝ።

ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ሎንግራይፍል በ1700ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ፣ በላንካስተር አካባቢ የተወለደ ጠመንጃ ነው። ከጀርመን አገር የመጡ ባለሙያዎች ዬገር የሚባለውን አጭርና ደልዳላ የአደን ጠመንጃቸውን ይዘው መጡ። አሜሪካ ውስጥ ቁመቱ እየረዘመ፣ ቀዳዳው እየጠበበ፣ አካሉ እየቀጠነ ሄደ። ኬንታኪ ራይፍል የሚባለውም ይኸው ነው። አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን አለው፤ ብዙ ጊዜ ከ42 እስከ 46 ኢንች ይረዝማል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ማለት ነው። ባሩዱንና በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል እርሳሱን የሚጎርሰው በአፉ ነው። እሳቱን የሚጭረው ባልጩት ነው። እኛ አገር አሮጌ ጠመንጃ ሲባል ብዙ ሰው ውጅግራን ያስባል፤ ውጅግራ ግን ከኋላ የሚጎርስ፣ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት። እኔ የማወራው እዚህ አሜሪካ እንደ እጅ ሥራ ስለሚሠራው ነው። እዚህም ቢሆን ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ቀድማችሁ አጣሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራት ወንጀል ነው፣ እንዳትሞክሩት።

አፈሙዙንም እኔው ልሥራ ማለት

በ1960ዎቹ ዋላስ ገስለር የሚባል ባለሙያ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሎኒያል ዊልያምስበርግ በሚባለው የታሪክ ሙዚየም አፈሙዙን ጭምር ከጠፍጣፋ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሁሉንም ነገር በ1700ዎቹ መንገድ ሠርቷል። ይህን የሰማ ጀማሪ ሁሉ ይቀናል። እኔም ቀንቼ ነበር። ግን እሱ ሙያው ነው። አፈሙዝ የባሩድ ግፊት የሚሸከም ዕቃ ነው፤ ከተሳሳታችሁ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ዛሬ ስም ያላቸው ሠሪዎችም አብዛኞቹ አፈሙዙንና ሎኩን ይገዛሉ። ሎክ የሚሉት ባልጩቱን ነክሶ እሳት የሚጭረውን የብረት ዕቃ ነው። የእጃችሁ ሥራ እንጨቱ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ይበቃችኋል።

ስትገዙ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለውን አትግዙ። ርካሽ ነው፣ እንጨት ውስጥ መቅበሩም ቀላል ነው፣ ግን ፊቱ ከብዶ ክንድ ይገነጥላል። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ከኋላ ወፍራም፣ ወደ ፊት ሲሄድ ቀጠን የሚል፣ አፉ ጋ ደግሞ እንደገና ትንሽ የሚሰፋ አፈሙዝ ነበራቸው። ልዩነቱን አንዴ አንስታችሁ ስታነጣጥሩ ታውቁታላችሁ።

ትርፍ እንጨት መተው

የጎረቤቴ ነገር ይኸው ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁም ይኸው ነው።

ጀማሪ እንጨት ይፈራል። የተቆረጠ አይመለስማ! ስለዚህ «ትንሽ ልተው፣ በኋላ አነሳዋለሁ» ይላል። በኋላ የሚባለው ቀን አይመጣም። ብረቱ ሁሉ ተገጥሞ ሲያልቅ እጁ ላይ ያለው ነገር ጠመንጃ ሳይሆን ሙቀጫ ይመስላል። ሙዚየም ሄዳችሁ የጥንቱን በቅርብ ብታዩ የሚያስደነግጣችሁ ቅጥነቱ ነው። አፉ አካባቢ ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ የሚቀረው እንጨት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታውም አፈሙዙን ሙሉ አያቅፍም፤ የጎኑን ገጽ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ይይዘዋል።

ሎኩን የሚከብበው ጠፍጣፋ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። የኔ የመጀመሪያው ላይ የአውራ ጣቴን ያህል ነበር። አሁን ፎቶውን ሳየው አፍራለሁ።

ምን ይሻላል? አንደኛ፣ ክብ ለማድረግ አትቸኩሉ። እንጨቱን መጀመሪያ በትክክለኛው መጠን አራት ማዕዘን አድርጉት። ከዚያ ማዕዘኖቹን እየመታችሁ ስምንት አድርጉት። ከዚያ አሥራ ስድስት። ክብነቱ በራሱ ይመጣል። ገና ከመነሻው በሞረድ ማክበብ የጀመረ ሰው ግራና ቀኙ እኩል አይሆንለትም። ሁለተኛ፣ በዓይናችሁ ብቻ አትመኑ፤ በመለኪያ ለኩ። ሦስተኛው ግን ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው፦ መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ብቻ እዩት። ጉብታው ሁሉ ጥላ እየጣለ ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመዳፋችሁ ዳብሱት። እጅ አይዋሽም፤ ዓይን ግን የለፋበትን ነገር ያቆላምጣል።

አንገቱ ጋ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። አንገት የምለው እጅ የሚጨብጠውን ቀጭን ቦታ ነው፣ ከሎኩ ኋላ ያለውን። እዚያ የሚሰበር ጠመንጃ ብዙ ነው። መቅጠን አለበት፣ ግን ጥንካሬው ከውፍረቱ ይልቅ ከእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም ውስጡ ካለው የክሮቹ አካሄድ ነው የሚመጣው። ይህ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይወስደናል።

እንጨትን በመልኩ ብቻ መምረጥ

የሎንግራይፍል ባህላዊ እንጨት ሜፕል ነው፣ ያውም እንደ ነብር ቆዳ ሞገድ ያለው። ያ ሞገድ ጀማሪን ያሳብዳል። ሰው ገበያ ሄዶ ሞገዱ የደመቀውን ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ቤቱ ይገባል። ጭረቱ በየት በኩል እንደሚሄድ አላየም። ጭረቱ አንገቱን ይዞ በቁመት ካልተጓዘ፣ አግድም ከቆረጠው፣ ጠመንጃው አንድ ቀን ከእጅ ሲወድቅ እዚያው ጋ ለሁለት ይከፈላል። ልከኛ ሞገድና ጥሩ ጭረት ይሻላችኋል። ሞገዱ የበዛው ለመሮም አስቸጋሪ ነው፣ እየተፈነቀለ ይነሳል።

መድረቁንም ጠይቁ። የድሮ አናጢዎች ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይላሉ። እርጥብ እንጨት ላይ የተገጠመ ብረት ከርሞ ይላቀቃል።

ከሎኩ መጀመር

ሎኩ ያምራል፣ ስለዚህ እሱን ቶሎ ማስገባት ያምራል። አይሆንም። መጀመሪያ አፈሙዙ ነው ቦታውን የሚይዘው። የሎኩ ቦታ የሚወሰነው እሳት በሚያስተላልፈው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ባሩድ ከሚነሰነስበት ትንሽ ሳህን መሐል ጋ መግጠም አለበት። ሎኩን ቀድሞ የቀበረ ሰው ቀዳዳው የአፈሙዙን የኋላ መዝጊያ ብረት ሲገጥመው ያኔ ጸጉሩን ይነጫል። ሁለቱን የሚያስማማ ቦታ ወረቀት ላይ፣ በትክክለኛ መጠን፣ ቀድማችሁ ሥሉ። ሎኩን የሚያስረው የፊተኛው ብሎን በአፈሙዙና በመጠቅጠቂያ ዘንጉ ቀዳዳ መካከል ነው የሚያልፈው። ቦታው ጠባብ ነው። እሱንም ሥሉት።

ስለ ዘንጉ ቀዳዳ ካነሳን፦ ያንን ረጅም ቀዳዳ በእጃችሁ ለመብሳት አትድፈሩ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው። መሰርሰሪያው ውስጥ ገብቶ የት እንደሚሄድ አይታይም። አፈሙዙ የሚቀበርበት ቦይና የዘንጉ ቀዳዳ ቀድሞ የተሠራለት እንጨት ይሸጣል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው እንጨት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ የጠመንጃው ሆድ ይወፍራል፣ ወደ ትርፍ እንጨቱ ስህተት ተመለሳችሁ ማለት ነው።

በመሮ መቸኮል

ብረት እንጨት ውስጥ ሲገባ በመካከል ክፍተት መታየት የለበትም። ዘዴው ቀላል ነው። ብረቱን በሻማ ጥላሸት ታጠቁራላችሁ፣ እንጨቱ ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ታነሳላችሁ። የጠቆረውን ብቻ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ትልጣላችሁ። እንደገና። እንደገና። የሰደፉን የናስ ሽፋን ለመግጠም ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ትዕግስቴ አልቆ መሮውን አንዴ በመዶሻ መታሁት። ያቺ ክፍተት ዛሬም አለች። በሰም ደፍኛታለሁ፤ እንግዳ አያያትም፣ እኔ ግን ከእሷ ሌላ አይታየኝም።

ካስማዎቹን ማጥበቅ

አፈሙዙ እንጨቱ ላይ የሚታሰረው በቀጫጭን የብረት ካስማዎች ነው። ካስማው እንጨቱን በስቶ፣ ከአፈሙዙ ሥር ባለች ትንሽ ጆሮ አልፎ ይወጣል። የጆሮዋን ቀዳዳ ልክ በካስማው መጠን ክብ አድርጎ የተወ ሰው ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ጉዱን ያያል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ብረቱ አብሮት አይሄድም። ቀዳዳዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሞረድ ትንሽ አስረዝሟት። አለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

የብርጭቆ ወረቀት

ወረቀቱ ሹል የነበረውን ጠርዝ ሁሉ ያደነዝዘዋል፣ ጠመንጃውን የፋብሪካ ወንበር ያስመስለዋል። በቀጭን የብረት መፋቂያ ፋቁ። ድሮም እንደዚያ ነበር።

ቀለሙ ላይ መሳሳት

እዚህ ጋ ብዙ ሥራ ይበላሻል፣ ያውም ከስምንት ወር ልፋት በኋላ።

የሜፕልን ሞገድ የሚያወጣው ባህላዊ ቀለም ብረት የሟሟበት ናይትሪክ አሲድ ነው። ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ራሳችሁ አትቀላቅሉ። ሲቀቡት ምንም አይመስልም፣ እንዲያውም አረንጓዴ ቢጤ ይሆናል። ከዚያ ሙቀት ሲያገኝ ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። የማየው እንደ አስማት ነው። አራት ነገር ግን አስቡ። በውጭ አየር ላይ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ሥሩ፤ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል። ከመቀባታችሁ በፊት እንጨቱን በውኃ አርጥባችሁ፣ ደርቆ የቆመውን ጸጉሩን ፋቁ፤ አለዚያ ቀለሙ ላይ ይቆማል። ሙቀቱን አንድ ቦታ አታቆዩ፣ ያከስለዋል። መጨረሻ ላይ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አብርዱት። ይህን የዘለለ ሰው ጠመንጃው ቀስ በቀስ ሲጠቁርበት ምክንያቱን አያውቅም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ከሌላ እንጨት አይደለም፣ ከዚያው።

ከቀለሙ በኋላ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ የኛው ተልባ! ስሱን ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ድገሙ። አወፍሮ የቀባ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚጣበቅ ጠመንጃ ይታቀፋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ይነዳል። ዘርግታችሁ ደጅ ላይ አድርቁት።

ሁሉንም ጌጥ አንድ ላይ መደርደር

ሎንግራይፍል እንደየአካባቢው መልኩ ይለያያል። የላንካስተሩ ሰደፍ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በጎኑ ያለችው የናስ ሣጥን አናቷ ላይ ብዙ ጊዜ አበባ አላት። የሊሃይ ሸለቆው ሰደፍ ጀርባው እንደ ጭልፊት አፍንጫ ይጎብጣል። ወደ ደቡብ፣ አፓላቺያ ተራሮች ስትወርዱ ደግሞ ናሱ ቀርቶ ተራ ብረት ይሆናል፣ ጌጡም ይቀንሳል። ጀማሪ ፎቶ እያየ ከእያንዳንዱ ያማረውን ይለቅማል። የላንካስተር አበባ በሊሃይ ጉብታ ላይ፣ በደቡብ ብረት ታጥሮ። ለሚያውቅ ሰው ይህ በጎጃም ጥበብ ላይ የሐረር ጥልፍ እንደመስፋት ነው። አንድ አካባቢ፣ ቢቻል አንድ የጥንት ጠመንጃ ምረጡና እሱን ተከተሉ።

ቅርጻ ቅርጹም አይጋነን። የጥንቶቹ ቅርጽ ከእንጨቱ ፊት ከፍ የሚለው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ናሱን እንደ መስታወት አታብሩት። እጃችሁ ካልለመደ ደግሞ ጨርሶ አትቅረጹ፤ ያለ ቅርጽ የተሠሩ ጥንታዊ ጠመንጃዎች ሞልተዋል። የኔ ሁለተኛው ላይ ያለችው ጌጥ አንዲት ብቻ ናት፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተቀበረች ባለ ስምንት ጫፍ የብር ኮከብ። እሷም ወደ ግራ ትንሽ ዘማለች።